የጋራ ኮምፒውተር ላይ የግል ነገራችሁን አትደብቁ፣ ቆልፉ

የአንድ አስመጪ ድርጅት አይቲ ነኝ። ቢሮአችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሒሳብ ክፍሉም፣ ሽያጩም፣ መጋዘኑም ኮምፒውተር በጋራ ነው የሚጠቀሙት። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። ሰው እኔ ጋ መጥቶ ከሚጠይቀኝ ሁሉ የሚበዛው "እስቲ ይቺን ፎልደር ደብቂልኝ" የሚለው ነው። አንዱ የልጁን የሕክምና ውጤት ስካን አድርጎ ነው የሚመጣው። አንዷ የዲቪ ፎርሟን ሞልታ። አብዛኛው ግን ስለ ቴሌግራሙ ተጨንቆ ነው።

ይሄን ጥያቄ ቀላል አድርጌ አይቼው አላውቅም። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ይውላል። ባንክ የላከለትን ስቴትመንት የሚከፍተው፣ ፋይዳውን ፕሪንት የሚያደርገው፣ ሲቪውን የሚያስተካክለው እዚያው ነው። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ስንቱ ነው? ስለዚህ የግል ነገር ቢሮ ማሽን ላይ መገኘቱ አይቀርም። የእኔ መልስ ግን ሁሌም ያው ነው፦ መደበቅ አያዋጣም። ወይ ቆልፉት፣ ወይ እዚያ ማሽን ላይ አታስቀምጡት።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። የማወራው ስለ ግል ነገራችሁ ነው። የድርጅቱን ፋይል፣ የደንበኛ ዝርዝር ወይም የሒሳብ ሰነድ ከባልደረባ ወይም ከአለቃ መሰወር ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያ አልተባበርም።

መደበቅ ለምን አይሠራም

ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ "ሂድን" የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ፎልደሩ ከዓይን ይጠፋል። ግን ፋይል ማሳያው ላይ "ቪው" ብሎ "ሂድን አይተምስ" የሚለውን የነካ ሰው ሁሉ ያየዋል። እኛ አገር ደግሞ ይሄን የማያውቅ የቢሮ ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱ የፍላሽ ቫይረስ ነው። ያ ፎልደሮቻችሁን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ስንቱን አሠልጥኗል መሰላችሁ! ፍላሹ ባዶ መስሎ ሲታየው የተደበቀ ፋይል ማሳየት ያልተማረ የለም። የተደበቀ ፎልደር መጋረጃ ነው። የምንፈልገው በር ነው።

የአፕሊኬሽኖች ዳታም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ "አፕዳታ" የሚባል ፎልደር አለው። እሱ ራሱ ከመጀመሪያውኑ የተደበቀ ነው። ቴሌግራም፣ ክሮም፣ ፋየርፎክስ የእናንተን መረጃ የሚያስቀምጡት እዚያ ውስጥ ነው። የዴስክቶፕ ቴሌግራም "ቲዳታ" በሚባል ፎልደር ውስጥ የመግቢያ ቁልፋችሁን ያስቀምጣል። ፓስኮድ ካላደረጋችሁ ያንን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጦ የወሰደ ሰው ቤቱ ሄዶ ቴሌግራማችሁን መክፈት ይችላል። በስልክ የሚላከው ኮድ አይጠየቅም። ቴሌግራም ላይ ያደረጋችሁት ሁለተኛው ፓስወርድም አይጠየቅም። ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ምልክት ማጥፋት ለዚህ ምንም አይፈይድም።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ "ፎልደር ሎክ" ምናምን የሚባሉ ነገሮችንም ተጠንቀቁ። በተለይ ክራክ የሆኑትን። የግል ነገራችሁን ለመጠበቅ ብላችሁ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ፕሮግራም ማሽኑ ላይ አትጫኑ።

የራሳችሁ አካውንት ይኑራችሁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ኮምፒውተሩ የጋራ ቢሆንም የዊንዶውስ አካውንቱ የጋራ መሆን የለበትም። በየቢሮው የማየው ግን "ዩዘር" ወይም "ፋይናንስ" የሚባል አንድ አካውንት ነው። ፓስወርድ የለውም። ወይም አለው፣ ግን ኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል።

ለየብቻ አካውንት ለመክፈት የአድሚን፣ ማለትም የማሽኑ አስተዳዳሪ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የቢሮአችሁን አይቲ ጠይቁ። አይቲ ከሌለ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ሰው። ሥራው ደቂቃዎች ነው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ አካውንትስ፣ ከዚያ ዊንዶውስ 11 ላይ "አዘር ዩዘርስ"፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ "ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ" ውስጥ ይገባል። "አድ አካውንት" ሲባል የማይክሮሶፍት ኢሜይል ይጠይቃል። እዚያ ላይ የግል ኢሜይላችሁን አታስገቡ። የሰውዬው መግቢያ የለኝም የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቃሚ ጨምር የሚል ይመጣል። ስም እና ፓስወርድ ስጡት፤ በቃ። አካውንቱ "ስታንዳርድ" ሆኖ ይቀመጥ። ሁሉም አድሚን ከሆነ የአካውንት መለየቱ ትርጉም የለውም። አድሚን የሆነ ባልደረባ የእናንተን ፎልደር ሲነካ ዊንዶውስ ፈቃድ የለህም ይለዋል፤ "ኮንቲኒው" ሲል ግን ይገባል።

በስታንዳርድ አካውንት ግን ሌላው ሰው የእናንተን ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ዶክመንትስ እና አፕዳታ መክፈት አይችልም። ክሮምም ለእያንዳንዱ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ቴሌግራምንም እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ይጭናል።

ሁሌ የሚነሳብኝ ተቃውሞ አለ። "ታዲያ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪውስ? የጋራ ኤክሴሎቹስ?" ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ የጋራ የሆነውን ከማንም የግል ፎልደር ማውጣት ነው። ሲ ድራይቭ ላይ "ዩዘርስ" ውስጥ "ፐብሊክ" የሚል ፎልደር አለ፤ ሁሉም አካውንት ያየዋል። ወይም ዲ ድራይቭ ላይ አንድ ፎልደር ተከፍቶ ለሁሉም ፈቃድ ይሰጠዋል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ዳታም ሁሉም የሚጽፍበት ቦታ ላይ ይሁን። እኔ ይሄን የምሠራው ሰዎቹ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነው። እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ገብቶ ፋይሉን ከፍቶ፣ አንድ ነገር ጽፎ፣ ሴቭ አድርጎ ሳላይ አልሄድም። አለበለዚያ በማግስቱ ሥራ ይቆማል፤ ሰውም ተማሮ ወደ ድሮው የጋራ አካውንት ይመለሳል።

ሌላው ችግር ፍጥነት ነው። አንዱ "ስዊች ዩዘር" ብሎ ሲነሳ የከፈታቸው ፕሮግራሞች ከኋላ እየሠሩ ይቆያሉ። 4 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ማሽን ላይ ሦስት ሰው እንዲህ ካደረገ ማሽኗ ትንቀራፈፋለች። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ስትሄዱ "ሳይን አውት" አድርጉ። ለቡና ወይም ለስልክ ከተነሳችሁ የዊንዶውስ ቁልፉን ይዛችሁ የኤል ፊደልን መጫን ይበቃል። ስክሪኑ ይቆለፋል። ይቺን ነገር ጣታችሁ እስኪለምዳት አድርጉት።

እኔ ምን ማየት እችላለሁ?

ይሄን የሚነግራችሁ አይቲ ብዙ ላይኖር ይችላል፤ እኔ ግን ማወቅ አለባችሁ እላለሁ። የአድሚን ፓስወርድ ያለው ሰው የእናንተን ፎልደር መክፈት ይችላል። የአካውንታችሁን ፓስወርድም መቀየር ይችላል። እኔ አላደርገውም፤ መቻሌ ግን እውነት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ስክሪን የሚያይ ወይም የኢንተርኔት አጠቃቀም የሚመዘግብ ፕሮግራም ይጭናል። ስለዚህ አካውንት ከባልደረባ ይጠብቃችኋል እንጂ ከማሽኑ ባለቤት አይጠብቃችሁም።

ሌላም መንገድ አለ። ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ካለበት ፍላሽ ያስነሳ ሰው፣ ወይም ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ የሰካ ሰው የዊንዶውስ ፓስወርዱን አይጠየቅም። ይሄን የሚዘጋው ዲስኩን በሙሉ ማመስጠር፣ ማለትም ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ማድረግ ነው። በፕሮ ዊንዶውስ ላይ ለዚህ የሚሆን ቢትሎከር የሚባል አለ። ይሄ ግን የእናንተ ሳይሆን የድርጅቱ ውሳኔ ነው። 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ አለው። እሱ በሚገባ ካልተቀመጠ አንድ ቀን የቢሮው ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ራሳችሁ አትሞክሩት፤ አይቲውን ጠይቁ።

ቴሌግራም

አሁን ወደ ብዙው ሰው ጭንቀት። ዴስክቶፕ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ግቡ። "ሎካል ፓስኮድ" የሚል አለ። አብሩት። ይሄ ፓስኮድ ለዚያ ማሽን ብቻ ነው፤ ስልካችሁን አይነካም። ጥቅሙ ስክሪን መዝጋት ብቻ አይደለም። ያንን ቲዳታ የሚባለውን ፎልደር ያመሰጥረዋል። ገልብጦ የወሰደው ሰው ፓስኮዱን ካላወቀ ምንም አያገኝም። ስለዚህ አራት ቁጥር አታድርጉት። ፊደልና ቁጥር ቀላቅላችሁ ረዘም አድርጉት። ብትረሱት ደግሞ አትደንግጡ፦ ከዚያ ማሽን ሎግ አውት አድርጋችሁ በስልካችሁ እንደገና ትገባላችሁ።

እዚያው "ኦቶ ሎክ" የሚለውን 1 ደቂቃ ወይም 5 ደቂቃ አድርጉት። 1 ሰዓትና 5 ሰዓት የሚሉም አሉ፤ ለጋራ ማሽን አይሆኑም። ወዲያው መቆለፍ ስትፈልጉ ኮንትሮልና ኤል ተጫኑ።

ሰው የሚረሳው ግን ዳውንሎዱን ነው። ፓስኮዱ ያወረዳችሁትን ፎቶና ፒዲኤፍ አይቆልፍም። እነሱ "ዳውንሎድስ" ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" በሚል ፎልደር ተራ ፋይል ሆነው ይቀመጣሉ። በጋራ አካውንት ላይ ያንን ፎልደር ስከፍት የማየው ያሳዝነኛል። የሰው ፓስፖርት፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም ተደባልቆ። ሴቲንግስ፣ "አድቫንስድ"፣ "ዳውንሎድ ፓዝ" ውስጥ ገብታችሁ "ቴምፕ ፎልደር" የሚለውን ምረጡ። ሎግ አውት ስታደርጉ ይጸዳል። "ኖቲፊኬሽንስ" ውስጥ ደግሞ የላኪውን ስም እና የመልእክቱን ቅንጫቢ ማሳያ አጥፉ። ስብሰባ ላይ ስክሪኑ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያለ የባለቤታችሁ መልእክት ከጥግ ብቅ እንዲል አትፈልጉም።

ከስልካችሁም የምትሠሩት አለ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ "ዲቫይስስ" ውስጥ የገባችሁባቸው ማሽኖች ሁሉ ይዘረዘራሉ። የማታውቁትን ወይም የማትጠቀሙበትን አስወግዱ። ፎልደሬ ተገልብጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም መድኃኒቱ ይሄ ነው፤ የዚያን ማሽን መግቢያ ስታቋርጡት የተገለበጠውም አብሮ ይሞታል። ሳይሠራባቸው የቆዩ መግቢያዎች በራሳቸው እንዲዘጉም ማዘዝ ይቻላል። 1 ሳምንት የሚለውን ምረጡ።

ዋትስአፕ የምትጠቀሙ ደግሞ ስልካችሁ ላይ "ሊንክድ ዲቫይስስ" የሚለውን ክፈቱ። ከስልኩ ሌላ እስከ 4 መሣሪያ ይያያዛል። ስልኩ ለ14 ቀን ሥራ ላይ ሳይውል ካልቀረ በቀር ያያዛችሁት ቢሮ ማሽን ላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ሲመሽ ከስልካችሁ ሎግ አውት አድርጉት።

ብራውዘር

ክሮም ላይ ፕሮፋይል መለየት ጥሩ ይመስላል። አንዱ "አልማዝ"፣ አንዱ "ሥራ" ብሎ ይከፍታል። ግን ፕሮፋይሎቹ መሀል ፓስወርድ የለም። ማንም ሰው ምስሏን ነክቶ ወደ እናንተ ይገባል። የተቀመጡ ፓስወርዶችን ለማሳየት ክሮም የዊንዶውሱን ፓስወርድ ወይም ፒን ይጠይቃል። በጋራ አካውንት ላይ ያ ፒን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ደግሞ ፓስወርዱን ማየትም አያስፈልገው፤ ክሮም ራሱ ሞልቶ ያስገባዋል።

ከሁሉ የከፋው "ሲንክ" ነው። ቢሮ ማሽን ላይ በግል ጂሜይላችሁ ክሮም ውስጥ ገብታችሁ ሲንክ ካበራችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁት ፓስወርድና የጎበኛችሁት ገጽ ሁሉ ወደዚያ ማሽን ይወርዳል። አንድ ኢሜይል ለማየት ብላችሁ ሙሉ ሕይወታችሁን አምጥታችሁ አታስቀምጡ።

የራሳችሁ አካውንት ከሌላችሁ "ጌስት" ተጠቀሙ። ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ያለችውን የፕሮፋይል ምስል ነክታችሁ "ጌስት" ትላላችሁ። ስትዘጉት ታሪኩም መግቢያውም ይጠፋል። ያወረዳችሁት ፋይል ግን ይቀራል። የቢሮው ኔትወርክም የት ድረ ገጽ እንደገባችሁ ማየት ይችላል። ታሪክ የማያስቀምጠው የክሮም መስኮት፣ ኢንኮግኒቶም፣ በዚህ ያው ነው።

ለምን ጌስትን አጥብቄ እንደምመክር ልንገራችሁ። መብራት ነው። መብራት ድንገት ይጠፋል። ዩፒኤሱ ባትሪው ደክሟል፤ ማሽኑ ቀጥ ይላል። እናንተ ምሳ ትወጣላችሁ። መብራት ሲመጣ ሌላ ሰው ያበራዋል። ክሮም "ሪስቶር ፔጅስ" ይለዋል። እሱም ሥራውን የሚመልስ መስሎት ይጫናል። ጂሜይላችሁ ቁልጭ ብሎ ይከፈታል። ፓስኮድ የሌለው ቴሌግራምም ከማሽኑ ጋር አብሮ ይነሳል። ማንም ሰው ክፉ መሆን አላስፈለገውም። ጌስት ግን በዚህ መንገድ አይመለስም። ፋየርፎክስ የምትጠቀሙ ደግሞ "ፕራይመሪ ፓስወርድ" የሚል አለው፤ የተቀመጡትን ፓስወርዶች በሙሉ ያመሰጥራል። አብሩት።

ፋይሎች

አንዳንዴ የግድ ፋይሉን እዚያ ማስቀመጥ ይኖርባችኋል። ወርድ ወይም ኤክሴል ከሆነ ፋይል፣ ከዚያ "ኢንፎ"፣ ከዚያ "ፕሮቴክት ዶክመንት"፣ ከዚያ "ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ"። ኤክሴል ላይ "ፕሮቴክት ወርክቡክ" ይላል። ይሄ እውነተኛ መቆለፊያ ነው። ፓስወርዱን ብትረሱት እኔም አልከፍትላችሁም፤ ማይክሮሶፍትም አይከፍትላችሁም።

ፎቶና ፒዲኤፍ ከሆነ ሰቨን ዚፕ ነጻ ነው። ፋይሎቹን መርጣችሁ "አድ ቱ አርካይቭ" ስትሉ ፓስወርድ የምታስገቡበት ሳጥን አለ። ፎርማቱን ሰቨን ዜድ አድርጉና የፋይል ስሞቹንም እንዲያመሰጥር ምልክት አድርጉ። ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። "የኤችአይቪ ውጤት" የሚል ፋይል ባይከፈትም ስሙ በቂ ነው። ሲያልቅ ዋናዎቹን ሺፍት ይዛችሁ ዲሊት አድርጉ፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንዳይቀመጡ። ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል በማስመለሻ ፕሮግራም ሊመለስ እንደሚችልም እወቁ። በጣም የምትሳሱለት ነገር ከሆነ መጀመሪያውኑ እዚያ አይረፍ። ስልካችሁ ላይ ይከፈት።

ፓስወርድ ሲባል የልደት ዓመት ወይም የልጅ ስም አይሁን፤ የቢሮ ሰው ሁለቱንም ያውቃል። እኔ የምመክረው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ረዘም ያለ የአማርኛ ሐረግ ነው። ከራሳችሁ ሕይወት የወጣ እንጂ ሁሉም የሚያውቀው ተረት አይሁን።

ከማሽኑ ውጭ የሚቀሩ ዱካዎችም አሉ። ስካነሩ የእናንተን ፓስፖርት የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሄዳችሁ አንሱት። ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሶ ከሆነ ያዘዛችሁት ተሰልፎ ይጠብቃል። ሌላ ሰው ወረቀት ሲጨምር የእናንተ ስቴትመንት እሱ እጅ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ካልወጣ ከሰልፉ ሰርዙት። ዊንዶውስና ቪ ስትጫኑ የገለበጣችኋቸው ጽሑፎች ዝርዝር ከመጣ ደግሞ "ክሊር ኦል" በሉት፤ ፓስወርድም እዚያ ይገኛል። ወርድ ውስጥ በግል ኢሜይላችሁ ከገባችሁም ማሽኑ በሙሉ ይጠቀምበት ወይ ብሎ ሲጠይቅ እዚህ አፕ ላይ ብቻ የሚለውን ምረጡ።

የሰውን ፋይል የሚከፍቱትም አንድ ነገር ይወቁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ሥርዓትና ዳታ ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። "ክፍት አገኘሁት" ብሎ የሰው ቴሌግራም ማንበብ ጨዋታ አይደለም።

ሥራ የምትለቁ ወይም ክፍል የምትቀይሩ ከሆነ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። ንብረት ስታስረክቡ ሰው ከጎናችሁ ይቆማል፤ መጣደፍ ይመጣል። ከሳምንት በፊት ጀምሩ። የግል ፋይላችሁን ወደ ራሳችሁ ፍላሽ አውጡ። ቴሌግራምን ከማሽኑ ላይ ሎግ አውት አድርጉ፤ ከዚያ አንኢንስቶል። ክሮም ውስጥ ፕሮፋይላችሁን ሰርዙ። ከስልካችሁ ጉግል አካውንት ሴቲንግ ውስጥ "ሴኩሪቲ" ገብታችሁ "ዩር ዲቫይስስ" ላይ የቢሮውን ማሽን ሳይን አውት አድርጉት። ከዚያ አይቲውን ጥሩትና የዊንዶውስ አካውንታችሁን ከነፋይሎቹ እንዲያጠፋው አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። የሥራ ፋይሉ ግን ቀድሞ ለተተኪያችሁ መተላለፉን አረጋግጡ።